ጉጉት አይሠራም

ዛሬ ስለ ፖለቲካ አልጽፍም። ፖለቲካውን በሌሎቹ ገጾች ላይ እንደልባችሁ ታገኙታላችሁ፤ ያነሰባችሁ እንደሆነም ቅዳሜ ማታ ምግብ ቤት ጎራ ብትሉ እስኪበቃችሁ ትሰሙታላችሁ። እኔ የማወጋችሁ በአንድ ምድር ቤት ውስጥ ፊደል ስለሚቆጥሩ አሥራ አራት ልጆችና ስለ አንድ ጉጉት ነው። (ፖለቲካ ጨርሶ አልገባበትም ወይ ብትሉኝ እናንተው አንብባችሁ ፍረዱ።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ከዋሽንግተን ዲሲ ወጣ ብለን በሜሪላንድ በኩል የምንኖር ጥቂት ወላጆች ልጆቻችንን ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ ለማስተማር ተመካከርን። አንድ ምድር ቤት በነፃ ተገኘ። ወንበርና ጠረጴዛ ተለቃቀመ። አስተማሪ ግን ጠፋ። በስብሰባው ላይ አንዲት እናት ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩና፣ «እሱ እኮ አገር ቤት ጋዜጠኛ ነበር! ፈረንሳይ አገርም ተምሯል!» አሉ። ሁሉም አጨበጨበ። በእኛ ልማድ ከተጨበጨበልህ በኋላ እምቢ ማለት ነውር ነው። ጋዜጠኝነትንና የሰባት ዓመት ልጅ ማንበብ ማስተማርን ምን እንደሚያገናኛቸው የጠየቀ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

የማውቀው የማስተማሪያ ዘዴ አንድ ብቻ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ቄስ ትምህርት ቤት የገባሁት በአምስት ዓመቴ ነው። የኔታ ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ እኛ ካርቶን ላይ የተለጠፈ ገበታችንን ታቅፈን፣ በስንደዶ እየነካን እንጮሃለን። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ሁሉንም በጩኸት ጨረስናቸው። እንግዲህ እኔም በመጀመሪያው ቅዳሜ ትልቁን ገበታ ግድግዳው ላይ ሰቅዬ፣ ማስመሪያ ይዤ፣ «በሉ ተከተሉኝ» አልኩ።

«ሀ ሁ ሂ» አማረልን። «ለ ሉ ሊ»ም አማረ። «ሐ ሑ ሒ» ስል አንድ ቀጭን ልጅ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ይሄንን ብለነዋል።»

«ይሄ ሌላ ነው» አልኩት።

«ድምፁ ያው ነው።»

ስለ ሐመሩ ሐ እና ስለ ሃሌታው ሀ ላስረዳ ሞከርኩ። አሥራ አራቱም በአንድነት እንደ እብድ አዩኝ። «ቀ» ላይ ስንደርስ ሁለቱ ጠረጴዛው ላይ ተኝተዋል። «ነ» ላይ አንዱ ለሦስተኛ ጊዜ ሽንት ቤት ሄዷል። «ፐ» ላይ የደረስኩት እኔ ብቻዬን ነኝ። ወደ ቤት ስንመለስ የስምንት ዓመት ልጄ ከኋላ መቀመጫ ሆና፣ «አባዬ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለምንድን ነው የምንጮኸው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ያን ሳምንት የተብሰለሰልኩት በዚሁ ጥያቄ ነበር። እኛስ ለምን ጮህን? እውነቱን ለመናገር፣ የኔታ ያስተማሩኝ ድምፁን ነው እንጂ ማንበብን አይደለም። ማንበብን ያስተማሩኝ በጎረቤታችን የነበሩ አንዲት እትዬ ናቸው። ልጃቸው በሰሜን ጦር ግንባር ወታደር ነበረ። ደብዳቤ በመጣ ቁጥር አጥር ላይ ቆመው ይጠሩኛል። ገብቼ በርጩማ ላይ እቀመጥና እየተንተባተብኩ አነብላቸዋለሁ፤ ቆሎ ይሰጡኛል። ደብዳቤዎቹ ሁሉ «እኔ ደህና ነኝ» ብለው ይጀምሩና «እኔ ደህና ነኝ» ብለው ያበቃሉ። እሳቸው ግን ሦስት ጊዜ ያስደግሙኝ ነበር። ያን ደብዳቤ ተሳስቼ ማንበብ እንደማይገባኝ ማንም ሳይነግረኝ ገብቶኛል። ከየኔታ ግቢ ስወጣ ፊደል በየሱቁ በር፣ በየአውቶቡሱ ግንባር፣ በእትዬ ቤት ሳይቀር ይጠብቀኝ ነበር። የኛ ልጆች ከምድር ቤት ሲወጡ የሚጠብቃቸው እንግሊዝኛ ነው። ገበታውን በቃላቸው ቢወጡትስ ምን ሊያነቡበት? ለማን ሊጽፉበት?

በዚያው ሰሞን በልጄ ትምህርት ቤት ወላጆች ክፍል ገብተው የሚያዩበት ቀን ሆነና ሄድኩ። በክፍሉ ጥግ የጫማ ካርቶኖች ተደርድረዋል፤ በያንዳንዱ ላይ የልጅ ስም ተጽፏል። ፖስታ ቤት መሆኑ ነው። ልጆቹ ጠዋት ሲገቡ በመጀመሪያ የሚሮጡት ወደዚያ ነው። አንዱ ለጓደኛው «ትናንት ኳስ ስለነጠቅሁህ ይቅርታ» ብሎ ጽፏል፤ ከዐሥሩ ቃል ስድስቱ ተሳስቷል። አስተማሪዋ በቀይ አላረመችም። ለምን ብዬ ብጠይቃት፣ ደብዳቤው የሷ ሳይሆን የጓደኛው ስለሆነ ነው አለችኝ። ተቀባዩ ካልገባው ራሱ ይጠይቀዋል።

ይሄን ጊዜ ነው ሊዮን የተማርኩት ትዝ ያለኝ። አገር ቤት በአንድ የግል ሳምንታዊ ጋዜጣ እሠራ ነበር። በ2005 ምርጫ ማግሥት ጋዜጦች ሲዘጉ፣ ጋዜጠኞችም ሲታሰሩ፣ በዓመቱ ወጥቼ ፈረንሳይ ገባሁና ሁለተኛ ዲግሪዬን ያዝኩ። እዚያ ስለ ጋዜጦች ታሪክ ስንማር አንድ መምህራችን ሴሌስቲን ፍሬኔ የሚባል የገጠር አስተማሪ አነሡልን። ይህ ሰው በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሳንባው ላይ ቆስሎ ተመለሰ። በደቡብ ፈረንሳይ ባር ሲዩር ሉ በምትባል መንደር አስተማሪ ሲሆን ብዙ መናገር ያደክመዋል፤ እንደ የኔታ መጮህማ ጨርሶ አይችልም። ስለዚህ በ1924 አንዲት ትንሽ የማተሚያ መሣሪያ ገዝቶ ክፍሉ ውስጥ አስገባ። ልጆቹ ያዩትን፣ የሰሙትን፣ በቤታቸው የሆነውን ይጽፋሉ፤ ራሳቸው ፊደል ለቅመው ያትሙታል። ሁለት ዓመት ቆይቶ ብሪታኒ ጠረፍ ካለ ሌላ ትምህርት ቤት ጋር መላላክ ጀመሩ። የተራራ ልጆች ባሕር ምን እንደሚሸት ከባሕር ልጆች አነበቡ። የሚያነብላቸው ሰው ስላገኙ ጻፉ፤ የሚጻፍላቸው ስላገኙ አነበቡ። ያን ጊዜ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ፣ ደስ የሚል ወሬ ነው ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጭሬው ነበር። ከዚያ ወዲያ ረሳሁት።

የሆነው ሆኖ በሚቀጥለው ቅዳሜ ገበታውን አወረድኩ። (ሁለት ወላጆች ተቀይመውኛል። አንደኛው እስካሁን በሩቁ ነው ሰላም የሚለኝ።)

እንግዲህ ልጆች ላሏችሁ፣ የሠራልንንና ያልሠራልንን ላካፍላችሁ። በመጀመሪያ ነጭ ወረቀት ቀዳደን በየዕቃው ላይ ስሙን ለጠፍን፤ በር፣ ወንበር፣ መስኮት፣ ጠረጴዛ። ይህ የማንም ክፍል የሚያደርገው ነው፤ ለብቻው ብዙም አይፈይድ። ነገር ግን ያች «ሌላ ነው» ያልኳትን ሐ አልቀበልም ያለው ቀጭን ልጅ ወንበሩን ትኩር ብሎ አይቶ፣ «ወንበር ውስጥ በር አለ!» ብሎ ጮኸ። እውነትም አለ። ክፍሉ ተተራመሰ። መስኮት ውስጥ ኮት አለ። ልብስ ውስጥ ልብ አለ። አባት ውስጥ ባት፣ እናት ውስጥ ናት። አንዲት ልጅ ቤቷ ሄዳ ሳምንቱን ሙሉ ስትፈልግ ቆይታ ብርቱካን ውስጥ ብርም ብርቱም እንዳሉ ደርሳበት መጣች። እኔ ሃያ ዓመት በጽሑፍ እንጀራ የበላሁ ሰው ይህን አይቼው አላውቅም ነበር። ያን ቀን አንድም ልጅ ሽንት ቤት አልሄደም።

ሰኞ ማክሰኞም ሠርቶልናል። በወለሉ ላይ በፕላስተር ሰባት ቤት ሠራን፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ። ልጁ ካርድ ይስባል፤ በ ወጣለት እንበል። ቆርኪ ይወረውራል። ኃምስ ቤት ላይ ካረፈች በአንድ እግሩ እየዘለለ በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ እያለ ይሄድና ቤ ላይ ሲደርስ በቤ የሚጀምር ቃል መናገር አለበት። ካላገኘ ይወጣል። ማጭበርበር አለ፤ ጠብ አለ፤ አንድ ቀን እንባም ነበረ። በዚሁ ጨዋታ ልጆቹ በራሳቸው ያስተዋሉት ነገር አለ። ካዕብ ብዙውን ጊዜ ከወገቡ በስተቀኝ እጁን ይዘረጋል። ሣልስ ጫማ ያደርጋል። ኃምስ ቀለበት ያጠልቃል። ረና ፈ ግን ሕግ አያከብሩም፤ ሩንና ፉን እዩዋቸው። «ረባሾቹ» የሚል ስም ወጣላቸው።

ሦስተኛው የራስ ቃል የምንለው ነው። ይህንን የቀዳሁት ሲልቪያ አሽተን ዎርነር ከምትባል የኒውዚላንድ አስተማሪ ነው። ሴትዮዋ የማኦሪ ሕፃናትን ስታስተምር ከመጽሐፉ ቃል አትሰጣቸውም ነበር። እያንዳንዱን ልጅ ዛሬ የምትፈልገው ቃል ምንድን ነው ብላ ትጠይቅና በካርድ ጽፋ ትሰጠዋለች። የሚወዱትንና የሚፈሩትን ቃል በአንድ ጊዜ እይታ እንደሚይዙት «አስተማሪ» በሚለው የ1963 መጽሐፏ አስፍራለች። እኔም ሞከርኩት። ፒዛ የጠየቀ አለ፤ ውሻ የጠየቁ ሦስት ናቸው። አንዷ «እህቴ» አለችኝ፤ እህቷ ገና አገር ቤት ናት። አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ደግሞ ጆሮዬ ጋ ተጠግቶ «ቪዛ» አለኝ። እነዚህን ሁለቱን ካርዶች እስከ ዛሬ ማንም ማስጠናት አላስፈለገውም።

ያልሠራልን ደግሞ መዝሙር እያዘመርኩ ማስጻፍ ነው፤ ድምፄ አያስኬድም። የቃል ጽሕፈት ፈተናም አልሠራም፤ ተውነው። በጽሕፈት ነገር አንድ ልጨምር። «ሥራ» በየትኛው ሰ ይጻፋል፣ «ፀሐይ» በየትኛው ጸ የሚለውን ከልጆቹ ላይ አውርጃለሁ። በወጣትነቴ በዚህ ጉዳይ ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል ውስጥ ሰው ሊደባደብ ሲደርስ አይቻለሁ፤ እኔም ከተደባዳቢዎቹ አንዱ ነበርኩ። ዛሬ ግን የስምንት ዓመት ልጅ «ስራ» ብሎ ቢጽፍልኝ ደስታዬ ነው። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው እንጣላለን።

ከክፍል ውጭ ለማንበብ ደግሞ «አደን» እንወጣለን። በሳምንቱ ውስጥ ያገኙትን የአማርኛ ጽሑፍ ገልብጠው ወይም ቀደው ማምጣት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የሥጋ ቤትና የፀጉር ቤት ሰሌዳ፣ የበርበሬ ከረጢት፣ የሰርግ ጥሪ ይመጣል። ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ወረቀቶቻቸውን በአማርኛም ስለሚያዘጋጁ አንዷ ቅጽ ይዛ መጣች። ልጆቹ ወረቀቱ ላይ የፊደል ስህተት አገኙና ቀኑን ሙሉ ሲፈነድቁ ዋሉ። መንግሥት ተሳሳተ!

አሁን ወደ ጉጉቷ ልምጣ።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ የራሳችንን ጋዜጣ እናውጣ አልኳቸው። ባለ አራት ገጽ፣ በፎቶ ኮፒ የሚባዛ፣ ሃያ ቅጂ። ስሙን በድምፅ ብልጫ መረጡ፤ «ምድር ቤት» ተባለ። ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን ብሎ መጠየቅን አስተማርኳቸው፤ ይሄ እንኳ የማውቀው ሥራ ነው። አንዱ ከአያቱ ጋር በስልክ ቃለ ምልልስ አደረገ። አንዷ የጎረቤቷን ድመት መጥፋት ዘገበች፤ ድመቷ በሦስተኛው ቀን ስትገኝም ማስተባበያ ጻፈች። ለመጨረሻው ገጽ እንቆቅልሽ አስፈለገንና አንድ ቅዳሜ ሙሉ እንቆቅልሽ ስንፈጥር ዋልን።

ያ ቀጭን ልጅ ተነሣ። በባሕርዩ ተከራካሪ እንጂ ወሬኛ አይደለም።

«እንቆቅልሽ!»

«ምን አውቅልህ!»

«ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ይሠራል።»

«የሌሊት ወፍ!» አይደለም። «ጨረቃ!» አይደለም። «ጉጉት!» አይደለም። አላወቁትም። አገር ስጠኝ አለ። ቴክሳስን ሰጡት፤ ቴክሳስ አገር አይደለም ብሎ መለሰላቸው። ካናዳን ሲሰጡት ተቀበለና መልሱን ተናገረ።

«አባቴ።»

ለአፍታ ዝም አሉ፤ ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመሩ። የሷም አባት እንደዚያው ነው። የሱ እናት ሆስፒታል ሌሊት ናት። ከአሥራ አራቱ የዘጠኙ ቤት ያው ነው። ልጁ ቁጭ ብሎ ለጋዜጣው አምስት መሥመር ጻፈ። እኔ ከዚያ ክፍል ያገኘሁት የመጀመሪያው እውነተኛ ጽሑፍ እሱ ነው። እንቆቅልሹንም ከነመልሱ ለመጨረሻው ገጽ ያዝኩ።

ሐሙስ ማታ ስልክ ተደወለ። አባትየው ናቸው። ከአንድ ሌላ ወላጅ ሰምተዋል።

«ጋዜጠኛው አንተ ነህ?» አሉኝ። «እኔ ልጄን የላክሁት አማርኛ እንዲማር ነው። የቤቴን ገመና ጋዜጣ ላይ እንዲያወጣ አይደለም። ቀን ቀን የሚተኛ ሰው ነው ተብዬ በሰው ፊት ልጻፍ?»

ይቅርታ ጠየቅሁ። ላስረዳቸው ሞከርኩ፤ ዘጉት። ዓርብ ማታ የተዘጋጀውን ገጽ አውጥቼ፣ አምስቱን መሥመር አነሣሁ። እንቆቅልሹን ግን ማውጣት አሳሳኝና መልሱ ላይ ነጭ ቀለም ቀባሁበት፤ በላዩ ላይ «ጉጉት» ብዬ ጻፍኩ። ክፍት በቀረው ቦታ ላይ አንዲት ጉጉት ሣልኩ። ቆንጆ ጉጉት ነበረች። አልሸሽጋችሁም፤ ብልህነቴን ወድጄው ነበር። ማንም አልተጎዳም፤ ጋዜጣው ወጣ፤ ወላጅ ተከበረ።

ቅዳሜ ጋዜጣው ሲታደል ልጁ በቀጥታ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠ። ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አኖረና፣

«ቲቸር፣ ጉጉት አይሠራም» አለኝ።

ሌላ ምንም አላለም። በዚያ ቀን ቆርኪ አልወረወረም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁሉም ለፖስታ ሣጥን ደብዳቤ ሲጽፉ እሱም ጽፎ አስገባ። የኔ ስም ባለበት ካርቶን ውስጥ አገኘሁት። «እኔ ደህና ነኝ» ይላል። አንድ ስህተት የለበትም።

ወረቀቱን ይዤ መኪናዬ ውስጥ ረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ። ገና ጀማሪ ሳለሁ፣ የግሉ ጋዜጣ ከመግባቴ በፊት በሠራሁበት አንድ ቤት፣ ስለ አንድ ሠፈር የውሃ ችግር ጽፌ ነበር። ሴቶቹ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሥተው ጀሪካን እንደሚያሰልፉ በዓይኔ አይቼ የጻፍኩት ነው። ሲታተም «የውሃ እጥረቱን ለመቅረፍ ጥረት በመደረግ ላይ ነው» ሆኖ ወጣ። ስሜ ከላዩ አለ። አዘጋጁ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «ማንም አልተጎዳም፤ ጋዜጣው ወጣ» ነው ያሉኝ። በሃያ ሦስት ዓመቴ የሰማሁትን ቃል በአርባ ስድስት ዓመቴ ለራሴ ደገምኩት ማለት ነው። እሳቸው እንኳ ከላይ የሚደውልላቸው ሹም ነበር። እኔን ያስፈራራኝ ማነው? እንቅልፍ ያጣ አንድ ባለታክሲ ነው።

ፍሬኔም ቢሆን በልጆች ጽሑፍ ተከሶ ያውቃል። በ1932 በሴን ፖል መንደር ሲያስተምር፣ አንድ ተማሪ የትምህርት መሣሪያ በነፃ አልሰጥም ባለው የመንደሩ ሹም ላይ ክፍሉ ሲነሣበት በሕልሙ ማየቱን ጻፈ። ተቃዋሚዎቹ ጽሑፉን አባዝተው በየግድግዳው ለጠፉበት። ነገሩ እየከረረ ሄዶ በሚቀጥለው ዓመት ከዚያ ትምህርት ቤት ለቀቀ፤ በ1935 ቫንስ ላይ የራሱን ትምህርት ቤት ከፈተ። እኔ እንኳን ትምህርት ቤት ልዘጋ፣ የሐሙስ ማታ ስልክ አልቻልኩም።

ልጁን ከማናገሬ በፊት አባቱን ማናገር እንዳለብኝ ገባኝ። ስልካቸውን ደወልኩ፤ ሌሊት ደለስ አየር ማረፊያ ተራ ሲጠብቁ ና አሉኝ። (ከቴክሳሱ ዳላስ ጋር እንዳታምታቱት፤ ይሄኛው ቨርጂኒያ ነው።) ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ደረስኩ። ታክሲዎቹ ተሰልፈዋል፤ ከግማሽ የማያንሱት አሽከርካሪዎች የኛ ሰዎች ናቸው። ከፊት ወንበር ገባሁ። ከቴርሞስ ቡና ቀዱልኝ። በዕድሜ ይበልጡኛል፤ በስልክ የሰማሁት ቁጣ ፊታቸው ላይ የለም፤ ድካም ነው ያለው።

«እዚህ ከመጣሁ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው» አሉኝ። «ልጄ ነቅቼ የሚያየኝ በሳምንት ስንት ሰዓት መሰለህ? አንተ ደግሞ እሱኑ ጋዜጣ ላይ ልታወጣብኝ!»

የልጁን ወረቀት፣ በራሱ እጅ የጻፈውን፣ ከደረት ኪሴ አውጥቼ ሰጠኋቸው። እንቆቅልሹን እንጂ ይሄን አልሰሙም ነበር። መብራቱን አበሩ፤ መነጽራቸውን ፈልገው አጠለቁ። የልጁን ፈቃድ ጠይቄ እዚህ እንዳለ እገለብጠዋለሁ፦

«አባቴ ለሊት ይሰራል። ቀን ይተኛል። እኛ ቀስ ብለን እንሄዳለን። ቅዳሜ አማርኛ እሱ ያመጣኛል። ቅዳሜ አይተኛም።»

አነበቡት። ደግመው አነበቡት። ከፊታችን ያሉት ታክሲዎች ተንቀሳቀሱ፤ ከኋላ ጡሩምባ ተነፋብን፤ መኪናውን ጥቂት አስጠግተው እንደገና ቆሙ። ከጸሐይ መከላከያው ሥር እስክሪብቶ መዘዙና መሪው ላይ ወረቀቱን አስደግፈው አንዲት ፊደል ሰርዘው አስተካከሉ።

«‹ሌሊት› በሌ ነው» አሉኝ። «ይሄን አታስተምሯቸውም?»

«ኃምስ ገና አልጨረስንም» አልኩ።

ያን ሌሊት ብዙ አላወራንም። እንዲታተም ፈቅደዋል ወይ ብዬ በግልጽ አልጠየቅኋቸውም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም። ሰዓታቸውን አይተው፣ ተራዬ ደርሷል ውረድ አሉኝ።

ቅዳሜ ልጁን ለብቻው ጠራሁት። የሠራሁት ስህተት እንደሆነ፣ መልሱ የሱ እንጂ የኔ እንዳልነበረ፣ ሳልጠይቀው መለወጥ እንደማይገባኝ ነገርኩት። በዝምታ ሰማኝ። ሌላ እንዲጽፍ ወረቀት ስሰጠው ተቀበለኝ፤ ግን አልጻፈበትም። ሦስት ቅዳሜ እንደዚያው አለፈ። በአራተኛው አንድ ነገር ጽፎ አመጣና ሊሰጠኝ እጁን ከዘረጋ በኋላ መልሶ ወደ ደረቱ ሳበው።

«ታጠፋዋለህ?» አለኝ።

«አላጠፋም።»

«ማሚ ብትደውልስ?»

«መጀመሪያ ላንተ እነግርሃለሁ» አልኩት። አሰበበትና ሰጠኝ። ስለ ስፖንጅ ቦብ ነበር፤ ግማሹ በእንግሊዝኛ ነው። አሁንም ስለ ቤቱ አይጽፍም። አልቸኩልም።

ሁለተኛው የ«ምድር ቤት» ዕትም ባለፈው ወር ወጣ። አምስቱ መሥመር ከነእርማታቸው በመጀመሪያው ገጽ ላይ አሉ፤ ልጁም አባቱም ከመታተሙ በፊት አይተውታል። በመጨረሻው ገጽ ላይ «ማስተካከያ» በሚል ርእስ፣ ባለፈው ዕትም የወጣው የእንቆቅልሽ መልስ ስህተት መሆኑንና ትክክለኛው መልስ «አባቴ» እንደሆነ አንባቢያንን ይቅርታ ጠይቄ በስሜ አስነብቤአለሁ። የድመቷ ዘጋቢ ማስተባበያ እንዴት እንደሚጻፍ አሳይታኛለች።

ቅጂውን ላባዛ ዓርብ ማታ በር ላይ ስደርስ ስልኬ ጮኸ። እሳቸው ናቸው፤ ከኋላቸው የመኪና ድምፅ ይሰማል።

«ስንት ነው የምታትመው?»

«ሃያ።»

«ሃምሳ አድርገው» አሉኝ። «እዚህ ተራ የምንጠብቅ ሰዎች አለን። የወረቀቱን እኔ እከፍላለሁ።»